ጥያቄ አለኝ፦ ጁጂትሱ ከመጀመሬ በፊት ምን ልወቅ?

በዚህ ወር የብራዚል ጁጂትሱን የሚመለከቱ ደብዳቤዎችን ይዘን ቀርበናል። ከምዕራብም ከምሥራቅም ጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች ከወትሮው ስለበዙ፣ ተመሳሳዮቹን በአንድ ጠያቂ ደብዳቤ ሥር አጠቃለን መልሰናቸዋል። ለማያውቁት አንባቢያን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ጁጂትሱ ቡጢና ርግጫ የሌለበት የትግል ስፖርት ሲሆን፣ ተጋጣሚን ይዞ ወደ መሬት በማውረድ፣ በመቆጣጠርና በመጨረሻም መገጣጠሚያውን በመቆለፍ ወይም አንገቱን በማነቅ ጨዋታውን እንዲያቆም የሚያደርጉበት ነው።

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 26 ሲሆን ተወልጄ ያደግሁት ቋሪት ነው። በእረኝነቴ ዘመን በትግል የሚጥለኝ እኩያ አልነበረኝም። አሁን ለሥራ ባሕር ዳር ስገባ አንድ ጓደኛዬ ወደ ጁጂትሱ ልምምድ ወሰደኝ። ክብደቱ ከእኔ በጣም የሚያንስ ልጅ ገጠመኝና ወዲያው ጠልፌ ጣልኩት፤ ደረቱንም በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩት። እሱ ግን ከሥሬ ሆኖ አንድ ክንዴን በእግሮቹ መካከል አስገብቶ ወጠረብኝ። አሠልጣኙ «ታፕ አድርግ!» እያለ ቢጮህም፣ በእኛ አገር እጅ መስጠት ነውር ነውና ዝም አልኩ፤ ክርኔም ቋ አለ። ይኸው ሳምንት ሞላው፣ ክንዴ አይዘረጋም። ልተወው ወይስ ልመለስ? ከተመለስኩስ ምን ማወቅ አለብኝ?
ከፍኖተ ሰላም መንገድ የመጣሁ፣ ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሞ ክርንዎን ይታከሙ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያልተዘረጋ ክርን በራሱ ጊዜ ይሻለዋል ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የተጎዳው ጅማት ብቻ ይሁን ወይም አጥንትም ተነክቶ እንደሆነ የሚለየው በሐኪም ምርመራና በራጅ ነው። ከዚያ በፊት ወጌሻ ዘንድ ሄደው እንዳይታሹ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ያበጠ ጅማት ሲታሽ ይብስበታል፣ የተሰነጠቀ አጥንት ካለም ከቦታው ሊለቅ ይችላል። ሐኪሙ እስኪፈቅድልዎ ድረስ ወደ ማቱ፣ ማለትም ወደ ልምምዱ ምንጣፍ፣ አይመለሱ።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ ግን ይተዉት አልልዎትም። በእረኝነት ያገኙት ችሎታ ሀብት ነው፤ ወገብ ለወገብ ተያይዞ ሚዛን መጠበቅን፣ ተጋጣሚ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንዳሳረፈ በደረት ማወቅን ከተማ ያደገ ሰው በዓመትም አይማረውም። ሆኖም ያ ትግል አንድ ሕግ በውስጥዎ አስርጿል፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ የሚል ሕግ። በጁጂትሱ ጀርባ መሬት ሲነካ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። ከሥር ያለው ሰው እግሮቹን በላይኛው ሰው ወገብ ዙሪያ አቆላልፎ ሲይዝ ጋርድ የሚባለውን ይዞታ ያገኛል፤ ከዚያ ሆኖ ሊያንቅ፣ ክንድ ሊቆልፍ፣ ገልብጦም ከላይ ሊሆን ይችላል። በውድድር እንኳ መጣል የሚያስገኘው 2 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ የጋርዱን እግሮች አልፎ ጎኑን ለተቆጣጠረ 3፣ ደረቱ ላይ ለተቀመጠ ወይም ጀርባውን ለያዘ 4 ነጥብ ይሰጣል። ያ ልጅ ሲጥሉት አልተሸነፈም ነበር፤ እርስዎ ግን ያበቃ መስሎዎት ክንዶችዎን ዘርግተው ደረቱን ተጭነው ቆዩ። ጋርድ ለያዘ ሰው የተዘረጋ ክንድ ያለ ልመና የተሰጠ ስጦታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ትምህርትዎ ይህ ይሁን፦ በሰው ጋርድ ውስጥ ሲሆኑ ክርኖችዎን ወደ ጎንዎ ሰብስበው ይያዙ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ታፕ ነው። ታፕ በእኛ ሰው ጆሮ «እጅ መስጠት» ተብሎ መተርጎሙ ትልቅ እንቅፋት ሆኖብናል። እጅ መስጠት በጦር ሜዳ ትርጉም አለው፤ እጁን የሰጠ ሰው መሣሪያውን ተነጥቆ፣ ፈቃዱንም አጥቶ ይነዳል። ታፕ ያደረገ ሰው ምንም አይነጠቅም፤ ወዲያው ተለቅቆ፣ እጅ ተጨባብጦ፣ ከተነሣበት እንደገና ይጀምራል። ታፕ «ይዘኸኛል፤ ከዚህ ካለፈ እሰበራለሁ» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል በመኖሩ ብቻ ነው ሁለት ሰዎች በየምሽቱ በሙሉ ጉልበታቸው ታግለው፣ በማግሥቱ ጤነኛ ክርን ይዘው ሥራቸው የሚገቡት። እርስዎ ቃሉን ሲያስቀሩ ራስዎን ብቻ አልጎዱም፤ ያን ልጅም ሰው የሰበረ አድርገውታል፣ እሱም በዚያ ሌሊት በሰላም ተኝቷል ብዬ አላምንም።

ነገሩን ከስፖርቱ ታላላቆች ታሪክ ላሳይዎ። ጂጎሮ ካኖ የተባሉት ጃፓናዊ መምህር ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት በ1882 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ ናቸው) ከፈቱ። ከዚያ የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገብቶ ኋላ በቤሌም ከተማ ተቀመጠ፤ ካርሎስ ግሬሲ የተባለውን ወጣትም አስተማረ። የካርሎስ ታናሽ ወንድም ሄሊዮ በአካሉ ደቃቃ ስለነበር በጉልበት የሚሠራውን ሁሉ በብልሃትና በሰውነት ማዕዘን ወደሚሠራ ስልት እያሻሻለ ወሰደው። ይኸው ሄሊዮ በ1951 በሪዮ ዴ ጃኔሮው ማራካና ስታዲየም ከእሱ በጣም ከሚከብደው ጃፓናዊው የጁዶ ሻምፒዮን ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ሰበረው፤ ሄሊዮ ታፕ አላደረገም፤ ግጥሚያውን ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነበር። ያ መቆለፊያ እስከ ዛሬ በአሸናፊው ስም «ኪሙራ» ተብሎ ይጠራል። የሄሊዮን ጽናት አከብራለሁ፤ ነገር ግን እሱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በሕዝብ ፊት፣ ዋጋውን አውቆ ያደረገው ነገር በማክሰኞ ማታ ልምምድ የሚደገም አይደለም። ካርሎስም ወንድሙን ስለናቀው አልነበረም ያስቆመው። «ጁ» የሚለው የጃፓንኛ ቃል ራሱ ልስላሴን፣ ለኃይል ጎንበስ ብሎ ማሳለፍን የሚገልጽ መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ከእኔ የሚያንስ ልጅ ትከሻዬን ሲቆልፈው «ትንሽ ብታገሥ ይደክመዋል» ብዬ ዝም አልኩ። እሱ አልደከመም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወራት ያህል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀኝ እጄ ማንሳት አልቻልኩም ነበር፤ እናቴ ውኃውን ራሷ ስትሸከም ቆሜ ማየቴ ከሕመሙ ይልቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። በእጅዎ መዳፍ የተጋጣሚዎን ሰውነት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እሱ በሚሰማው መጠን መታ መታ ያድርጉ። ማቱን ብቻ መምታት አይበቃም፤ ላይሰማ ይችላል። ሁለቱም እጆችዎ ከታሰሩ «ታፕ» ብለው በአፍዎ ይናገሩ፣ ወይም በእግርዎ ማቱን ይምቱ። በውድድር ላይ በሕመም መጮህ ራሱ እንደ ታፕ ይቆጠራል። የክንድ መቆለፊያ ሲሆን ሕመሙ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ክንድዎ ቀጥ ብሎ መውጫ ካጡ ያኔ ነው ሰዓቱ። ማነቂያ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በሚገባ የተያዘ ማነቂያ የሚዘጋው የአንገትን ግራና ቀኝ የደም ሥሮች ስለሆነ ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሳለ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ጆሮዎ ጭው ካለ፣ ዓይንዎም መጨለም ከጀመረ ዘግይተዋል ማለት ነው። እርስዎ በተራዎ ሲቆልፉ በዝግታ ይወጥሩ፤ ታፕ ሲሰማዎ ወይም የተሰማዎ ሲመስልዎ ወዲያው ይልቀቁ። አሠልጣኝ እስኪያዝዎ አይጠብቁ።

በሚቀጥሉት ሦስትና አራት ወራት ማሸነፍን ይርሱትና ማምለጥን ይማሩ። በመጀመሪያ የሚያስተምሩዎት እንቅስቃሴ የዳሌ ማምለጫ ነው። በጀርባዎ ተኝተው አንድ እግርዎን አጥፈው ማቱን ይረግጣሉ፤ ዳሌዎን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገፍተው በአንድ ጎንዎ ይዞራሉ፤ በዚያች ቅጽበት በእርስዎና በላይዎ ባለው ሰው መካከል አንድ ጉልበት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ጉልበትዎ ከገባ ጋርድዎ ተመለሰ ማለት ነው። ለማየት ምንም አይመስልም፤ ብዙ ጀማሪም እንደ ማሟሟቂያ ቆጥሮ ያልፈዋል። እኔ ግን በአንድ ምሽት ሌላ ምንም ሳይማሩ ይህችን ብቻ ሃምሳ ጊዜ ቢሠሩ ጊዜዎ አልባከነም እላለሁ። ሲታገሉም ትንፋሽዎን አይያዙ። ጉልበተኛ ጀማሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚወድቀው ጉልበቱ ስላነሰ ሳይሆን ሳይተነፍስ ስለሚታገል ነው።

ስለ ልብስ የጠየቃችሁ ሌሎች አንባቢያንም አላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪስና ዚፕ የሌለው ቁምጣና ጠበብ ያለ ቲሸርት ይበቃል፤ ኪስ ጣት ይሰብራል፣ ዚፕ ቆዳ ይልጣል። የቴኳንዶ ልብስ ያላችሁ በእሱ ለመለማመድ አታስቡ፤ ስስ ስለሆነ ኮሌታው ገና በመጀመሪያው ጭበጣ ይተረተራል። ጊ የሚባለው የጁጂትሱ ልብስ ለመያዝና ለመጎተት ታስቦ ከወፍራም ጥጥ የተሠራ ነው፤ እንደምትቀጥሉ ስታረጋግጡ ግዙት። ሰውነትን ለማጠንከር አስቀድሞ ስድስት ወር መሮጥም አያስፈልግም። ሰውነት የሚጠነክረው እዚያው ነው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለጀማሪ በቂ ነው።

እኔ የ11 ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ጁጂትሱ ልጀምር ብላ ለመነችኝ። ራሷን መከላከል ብትችል ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ከወንዶች ጋር መሬት ላይ ተያይዞ መታገሉ አሳስቦኛል። አባቷም አልፈቀደም። ምን ይመክሩኛል?
ወይዘሮ፣ ከደብረ ማርቆስ

እመቤቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ አባትየውም የተሳሳቱ አይመስለኝም። መጀመሪያ ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ፣ ልጅቷን ሳታስመዘግቡ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። አሠልጣኙ ወላጅ ገብቶ እንዲያይ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ልጅዎን እዚያ አያስገቡ። በዚህ ላይ ሁለተኛ ሐሳብ የለኝም።

ሲመለከቱ እነዚህን ያስተውሉ። ልጆች በዕድሜና በክብደት ተለይተው ይገጥማሉ ወይስ የተገኘው ከተገኘው ጋር ይጣመራል? ሌሎች ሴት ልጆች አሉ? አንድ ልጅ «ከዚህ ጋር አልታገልም» ሲል አሠልጣኙ ያለ ቁጣ ይቀበለዋል? ታፕ ሲደረግ ወዲያው ይለቀቃል? አሠልጣኙ ስልት ለማሳየት ልጅን ሲነካ በሁሉም ፊት፣ በግልጽና አስቀድሞ ተናግሮ ያደርገዋል? የእነዚህ መልስ ቢያረካችሁም ልጅዎ ለብቻዋ ከአሠልጣኝ ጋር የምትቀርበት ልምምድ ሊኖር አይገባም።

ለልጆች የተለየ ሥርዓት መኖሩንም ይወቁ። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ልጆች ከነጭ በኋላ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ቀበቶ ያስራሉ፤ የአዋቂው ሰማያዊ ቀበቶ ከ16 ዓመት በፊት አይሰጥም። አደገኛ የሆኑ መቆለፊያዎች በልጆች ውድድር የተከለከሉ ናቸው። የ11 ዓመት ልጅን ተረከዝና ጉልበት መጠምዘዝ የሚያስተምር ሰው ካዩ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው።

ራስን መከላከልን በተመለከተ፣ ይህ ስፖርት ለሴት ልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ከሚከብዳት ሰው ሥር ስትሆን አለመደንገጥ ነው። ክብደት ደረቷ ላይ ሲያርፍ መተንፈስን፣ ክርኗን መሰብሰብን፣ ዳሌዋን አንሸራትታ መውጣትን በየሳምንቱ ትለማመዳለች። ይህን ከልጅነቷ የለመደች ልጅ በክፉ ቀን ሰውነቷ አይከዳትም። ለአባቷም ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን መጥተው በዓይናቸው ማየታቸው ነው።

የ19 ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ልምምዳችን 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ ባለፈው ራሴን አዙሮኝ ልወድቅ ነበር። ጾሙንም ስፖርቱንም መተው አልፈልግም።
ከቢቸና

ወንድሜ፣ ሁለቱንም መተው የለብህም፤ ሰዓቱን ግን መለወጥ ይኖርብሃል። ከሌሊት ጀምሮ እህልም ውኃም ሳይቀምሱ በቀትር ተጋድሎ መግባት ራስ ማዞርን ያመጣል፤ በተለይ ማነቂያ ባለበት ስፖርት ራስህን የሳትከው ከጾሙ ይሁን ከማነቂያው ተጋጣሚህ ላይለይ ይችላልና አደጋው የአንተ ብቻ አይደለም። አሠልጣኝህን በእነዚህ 55 ቀናት ልምምዱን ወደ 12 ሰዓት እንዲያዞርላችሁ ለምኑት፤ አብዛኞቻችሁ የምትጾሙ ከሆነ እምቢ የሚል አይመስለኝም። በ9 ሰዓት ስታፈጥር አስቀድመህ ውኃ በደንብ ጠጣ፤ ሆድህን ሳትሞላ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ ብላ፤ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ተልባና ሱፍ የጾምን ጡንቻ የሚጠግኑ ናቸው። በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ ጭንና ወገብህን ስለሚያደክመው ትግሉን ትተህ ብታርፍ እመርጣለሁ። ሰዓቱ የማይቀየር ከሆነ ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር እንጂ በራስህ ሥልጣን አትወስን።

አንገቴና ክንዴ ላይ ጠርዙ የቀላ ክብ ነገር ወጥቶብኛል፤ ያሳክከኛል። ከልምምድ የመጣ ይሆን?
ከዳንግላ

ሲገልጹት ጭርት ይመስላል፤ በጤና ተቋም ታይተው ያረጋግጡ። ጭርት ቆዳ ለቆዳ በመነካካት ስለሚተላለፍ በትግል ስፖርቶች የተለመደ ነው። የፈንገስ ቅባቱ በሚገባ ከተቀባ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ቦታው የዳነ ሲመስል ቶሎ ማቋረጥ ግን መልሶ ያመጣዋል። እስኪድን ወደ ማቱ አይውጡ፤ ለአሠልጣኙም ይንገሩት፣ ሌሎችም ተይዘው ሊሆን ይችላልና። ይህን መደበቅ እንደ ነውር መቆጠር አለበት፤ መናገሩ ግን ነውር የለበትም።

ከልምምድ በኋላ ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ፤ ፎጣ አይዋዋሱ፤ ጥፍርዎን አሳጥረው ይቁረጡ፤ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ነጠላ ጫማ አድርገው ወደ ማቱ ሲመለሱ ያውልቁት። ጊውንም ሳያጥቡ ሁለት ጊዜ አይልበሱ። በክረምት ይህ ይከብዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወፍራሙ ጥጥ በሁለት ቀንም ላይደርቅ ይችላል፣ እርጥብ እንዳለ ተጣጥፎ በቦርሳ ያደረ ጊ ደግሞ ሲከፈት ሽታው ራሱ ይናገራል። ሁለተኛ ጊ ከሌለዎት በእነዚህ ወራት በቲሸርትና በቁምጣ ይለማመዱ፤ ያጠቡትንም ከጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ ብብቱና ኮሌታው ተገልብጦ ይሰቀል።

መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 43 ነው። ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል። ለመጀመር አልዘገየሁም? ጥቁር ቀበቶ ለማሰርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?
ከቡሬ

መምህር፣ አልዘገዩም። በዚህ ስፖርት ውድድር እንኳ ከ30 ዓመት በላይ ላሉት በዕድሜ እርከን የተለየ ምድብ አለ። የአዋቂ ቀበቶዎች ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማና ጥቁር ሲሆኑ፣ ሳያቋርጥ የሚለማመድ ሰው ጥቁሩን ለማሰር ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በሁለትና በሦስት ዓመት ጥቁር ቀበቶ እሰጣለሁ የሚል ካጋጠምዎ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። የሚያስተምርዎ ሰው ቀበቶውን ከማን እንደተቀበለ ይጠይቁ፤ በጁጂትሱ ዓለም ይህ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ጥያቄ አይደለም፣ እውነተኛ አሠልጣኝም የመምህሩን ስም በደስታ ይነግርዎታል።

የወገብዎን ነገር ግን በቀላሉ አልመለከተውም። ሕመሙ ወደ እግርዎ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝዎ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ካልሆነ ለሁለት ወር ያህል ከቆሙበት መጣል ሳይኖር ከጉልበት ተነሥተው ይለማመዱ፤ እግርዎ ወደ ራስዎ ተገፍቶ ወገብዎ ሲታጠፍ አይቋቋሙት፣ ታፕ ያድርጉ። ከ20 ዓመት ጎረምሳ ጋር ከመግጠም ይልቅም ባለ ሰማያዊ ወይም ባለ ወይን ጠጅ ቀበቶ ይምረጡ፤ ልምድ ያለው ሰው ክብደቱን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን ጫማዎን አውልቀው ማቱ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ስለ ወገብዎ ለአሠልጣኙ ይንገሩት፤ ከእያንዳንዱ ተጋጣሚዎ ጋር ሲጨባበጡም ይድገሙት።